ሁሉም በየቤቱ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ይህን ደብተር ካየሁት ስድስት ወር አልፎኛል። ደህና ስሆን አልጽፍም፤ ዛሬ ገለጥኩት እንግዲህ።

ደምመላሽ ከጂም ሲመለስ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ ልጃችንን ብፅዓትን አቀፈና «ማርች ሃያ ሁለት» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም ድንች መላጤን ቀጠልኩ። አሥር ዓመት ከቦክሰኛ ጋር የኖረች ሴት ቀን ሲጠራላት የምን ቀን እንደሆነ አትጠይቅም።

ከበላ በኋላ ነገሩን ዘረዘረልኝ። እስከ ዛሬ የሚጋጠመው በየሰፈሩ አዳራሽ ነበር፤ በዲሽ የታየለት የኖቬምበሩ ብቻ ነው። ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ፕሮሞተር ትኬት በጥቅል ይሰጠዋል፣ እሱና እኔ እንሸጣለን፣ ከተሸጠው ላይ ይቆረጥለታል። ቦክሰኛ ነው ብዬ ያገባሁት ሰውዬ ለካ ግማሽ ጎኑ ትኬት ሻጭ ኖሯል። እኔም ሳምንቱን ሂትሮው አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ ስደረድር ከርሜ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትኬቱን ነጠላዬ ሥር ይዤ ስቆም ቄሱ እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ።

ይሄኛው ሌላ ነው። በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም እንደ ኖቬምበሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሳይሆን፣ ዲሽ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ፣ ለዚያች ለአንዲት ማታ ብቻ አሥራ ሁለት ፓውንድ ከፍሎ የሚያየው። ሁለቱ ዋናዎቹ ቦክሰኞች ከከፈለው ከእያንዳንዱ ቤት ድርሻ አላቸው። ሚሊዮን ሚሊዮን የሚባለው ከዚያ ነው የሚመጣው። ከእነሱ አስቀድመው የሚጋጠሙት፣ የእኔ ባል ዓይነቶቹ፣ ቁርጥ ክፍያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ፕሮሞተሩ ሚስተር ዶሰን ግን ለደምመላሽ ምርጫ ሰጥቶታል። ወይ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ቁርጥ፤ ወይ ሦስት ሺህ ብቻ፣ ከመቶ ሃምሳ ሺህ ቤት በላይ ደግሞ ለከፈለው ለእያንዳንዱ ቤት አሥር ፔንስ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«የመጨረሻህ ነው?»

«ለጂሙ ከደረሰልን የመጨረሻዬ ነው።»

ጂሙ የሚክ ነው። ሚክ አሰልጣኙ፣ አይሪሽ ሽማግሌ፣ ሊያርፍ ይፈልጋል። አሥር ሺህ ፓውንድ ካመጣን ኪራዩንም ዕቃውንም ለደምመላሽ ይለቅለታል። ከዚያ ወዲያ ባሌ ሌላውን እንዲማታ ያስተምራል እንጂ ራሱ አይመታም። እኔ የምፈልገው ይሄንን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ሻይ ቀዳልኝ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ጨርቁ እጄ ላይ ነበርና ጠረግሁት። ደክሞታል።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ጋሽ ኃይለመለኮት መጡ። በንጉሡ ዘመን ሂሳብ ሊማሩ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ የለንደን ሐበሻ የሚፈርመው ወረቀት ሁሉ በእሳቸው መነጽር ሥር ያልፋል። ውሉን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘጠኝ ሺሁን ያዙ፣ ልጆቼ።»

«ሦስት መቶ ሺህ ቤት ይገዛል እየተባለ?» አልኩ። «እስቲ እርስዎ ያስሉት።»

«አስልቼዋለሁ። ሦስት መቶ ሺህ ከገዛ አሥራ ስምንት ሺህ ታገኛላችሁ። ማናጀሩ ሩቡን፣ አሰልጣኙ ከአሥር አንዱን ቢወስድ እንኳ ጂሙን ትገዙበታላችሁ። ካልገዛስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል አልሰማሽም? ይቺ ደግሞ በሳተላይት የመጣች ላም ናት።»

ደምመላሽ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። አባቴ ፒያሳ ሲኒማ ቤት በር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ትኬት ቆርጧል። አዳራሹ ጢም ሲልም ባዶ ሲሆንም ያቺው ደሞዝ ናት። ፊልሙን የሚያመጣው ሰውዬ ግን በገባው ሰው ልክ ነበር የሚከፈለው። እሱ መኪና ገዛ፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ በእግሩ ሄደ። ቁርጥ ማለት ይሄ ነው።

«እውነትሽን ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። «ግን አባትሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ያለ ትኬት የገባ የለም። እዚህ በሩ ላይ የሚቆመው ማነው?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሽምግልና ነው አልኩ።

ከሄዱ በኋላ ደምመላሽ «ዘጠኝ ሺሁ ከማናጀሩ ከምኑ በኋላ ለጂሙ አይበቃም» አለ። «አይበቃም» አልኩ። ካልበቃ ደግሞ አንድ ሌላ ግጥሚያ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ። ድርሻውን ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልክድ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሳይን አደረገ። ድርሻውን።

ከአውቶቡስ ፌርማታ አብረን ስንመጣ በግራው በኩል እየሄድኩ ሳለሁ ክንዴን ይዞ ወደ ቀኙ አዞረኝ። ከኖቬምበሩ ግጥሚያ ወዲህ እንዲህ ይወዳል። ሰው ልማድ ያወጣል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሁሉም ደምመላሽን ጀርባውን ይመታዋል፤ ለቦክሰኛ ፍቅር የሚገልጹት በመምታት ይመስላቸዋል። «በቲቪ እንደገና ልትወጣ ነው አሉ!» «አዎ።» «እና የት ነው የምናየው?» ሲል አንዱ፣ ሌላው «ውባንቺ ቤት ነዋ፣ የት ሊሆን ነው?» አለ። ሁሉም «ውባንቺ ቤት!» አሉ።

ውባንቺ የልብ ጓደኛዬ ናት። ዋይት ሲቲ ሰፈር ውስጥ ሰፊ ሳሎን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በረንዳዋ ላይ ዲሽ አላት፤ ባሏ ባዩ ሚኒካብ ይነዳል። ማንኛውም ነገር የሚታየው እዚያ ነው፤ ኳሱም፣ ሩጫውም፣ የኖቬምበሩም ግጥሚያ። ያኔ ሠላሳ አራት ሰው ነበር፣ ወለሉ ላይ ሳይቀር። እኔ ባሌ ሲጋጠም ማየት አልችልምና ማድ ቤት ገብቼ ዕቃ አጥባለሁ። ከድምፃቸው ነው የማውቀው። ሲጮኹ መታው፣ ዝም ሲሉ ተመታ።

እኔም ከሁሉም ጋር ስስቅ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሠላሳ አራት ሰው፣ አንድ ቤት። አሥር ፔንስ።

የጋሽ ኃይለመለኮት የበር ጥያቄ ይሄ ነበር ለካ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ወደ ሥራ። ባቡሩ ሀመርስሚዝን አልፎ ከመሬት በላይ ሲወጣ እስከ ሂትሮው ድረስ የቤቶች ጓሮ ነው የሚታየው። ድሮ የተሰጣውን ልብስ አይ ነበር። ዛሬ ዲሽ ሳይ ሄድኩ። ዲሽ ያለውን ቤት ሳይ ደስ ይለኛል፤ የሌለውን ሳይ እንደ ባለ ዕዳዬ እቆጣዋለሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ውባንቺ ጋ ሄድኩ። ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። በላን፣ ተሳሳቅን፣ ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። ድርሻው በቤት እንደሆነ፣ ዲሽ ያለው ሁሉ በየቤቱ ከፍሎ ቢያይ እንደሚሻል።

«እና ምን ልበል? በሬን ልዝጋ?»

«ዝጊ አላልኩሽም። ዲሽ ያለው በየቤቱ ይይ ነው ያልኩት።»

«የሌለውስ?»

«የሌለው... አንድ አንድ ቤት ይከፋፈል።»

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ውባንቺ ስትናደድ ዕቃ ትሰበስባለች። «ጌጤ፣ ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ለብቻችሁ ክፈሉ፣ ለብቻችሁ እዩ፣ ለብቻችሁ ጩኹ ልበላቸው? ሰዉ እኮ ለቦክሱ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ደምመላሽ ሲመታ ብቻውን ተቀምጦ ማየት ማን ይችላል?»

«አንድ ማታ ነው።»

«አንቺስ? ዲሽ የለሽ። አንቺ የት ሆነሽ ነው የምትሰሚው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የቦክሰኛው ቤት ዲሽ የለውም። «እኔ ምን አስጨነቀኝ፣ እኔ መቼ አያለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «አንቺ ካልሽ እሺ። እኔ ራሴ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፤ በሬ ዝግ ነው እላቸዋለሁ።»

ሁልጊዜ እስከ ባቡር ጣቢያው ትሸኘኝ ነበር። ጣቢያው ከደረስን በኋላም ቆመን ሌላ ግማሽ ሰዓት እናወራለን። ዛሬ ደረጃው ላይ ቀረች። ሽሮውን በዕቃ አድርጋ ሰጥታኛለች፤ እሱን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ሁለት ሺፍት። እግሬ።

ደምመላሽ የማድ ቤቱን በር ጠርዝ በግራ ትከሻው መታው። «ይሄን በር ማነው ያንቀሳቀሰው?» ብሎ ቀለደ። ብፅዓት ሳቀች።

ሻይ። ጨርቅ።

ውባንቺ አልደወለችም።

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ ዐቢይ ጾም ገባ። ደምመላሽ አይጾምም፤ ጠዋት እንቁላሉን እኔ ነኝ የምጠብስለት፣ ከሽታው ወደ ጎን እያልኩ።

እሱ ለሩጫ እንደወጣ ሚክ ደወለ። ሚክ ለእኔ ደውሎ አያውቅም። ደምመላሽ በደንብ ይተኛል ወይ? ይተኛል። ራሱን ያመዋል ወይ? አያመውም። ከዚያ «ዓይኑስ? ቤት ውስጥ ያየሽው ነገር አለ?» አለኝ። የዓይን ምርመራውን ኦክቶበር ላይ አልፏል፣ ለዓመት ያገለግላል፤ ግን ሰሞኑን በልምምድ ላይ ከግራ የሚመጣውን ዘግይቶ ያያል፣ ዕድሜው ይሁን ሌላ አላወቅሁም አለ። አንቺ የሆነ ነገር ካልሽኝ ነገውኑ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ፤ ግጥሚያው ይቅር አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። እንግሊዝኛዬ ለዚህ ይበቃል።

የዋሸሁ አይመስለኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የደከመው ሰው ሻይ ያፈስሳል። ደግሞ የመጨረሻው ነው። አንድ ማታ ነው። ይህን ለውባንቺም ብያታለሁ፤ አንድ ማታ ነው።

እሑድ፣ ማርች 9

ዲሽ ያላቸውን ሐበሾች በሙሉ ደውዬ ጨረስኩ። አርባ አንድ ቤት። ሁሉም እሺ አሉኝ፤ ግን እሺታቸው ደስ አይልም። አንዷ «ሰርግ ጠርተሽ ምግቡን በየቤታችሁ ብሉ እንዳልሽን ነው» አለችኝ። ሌላው «ውባንቺን አስቀይመሻታል አሉ» አለኝ።

ጋሽ ኃይለመለኮት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ስንት ቤት ደረስሽ?»

«አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ቤት በአሥር ፔንስ ስንት ነው?»

የነጠላዬን ጥለት ጠቀለልኩ።

«አራት ፓውንድ ከአሥር ነው፣ ልጄ። ውባንቺን ያስቀየምሽው ለአራት ፓውንድ ከአሥር ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ማወቄን እስካሁን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

«እንግዲያስ ለምን?»

«ሌላ የማደርግለት ነገር የለኝማ፣ ጋሼ።» እንባዬ መጣ። ሰው ሲያየን መሐረባቸውን ሰጡኝና የዲያቆኑን ድምፅ ማድነቅ ጀመሩ። ደግ ሰው ናቸው።

የማደርግለት ሌላ ነገር አለ። አሁን ግን በጣም ዘግይቷል፣ ፖስተሩም ተለጥፏል።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ደምመላሽ ሚክ ያዘዘው ልምምድ ነው ብሎ ካልሲ ጠቅልሎ ለብፅዓት ሰጣት። እሷ ትወረውራለች፣ እሱ ይቀልባል። ከቀኝ የመጣውን ሁሉ ቀለበ። ከግራ የመጣው ጆሮውን፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን መታው። «ዳዲ፣ ያንን ደግሞ ሚስ አደረግከው!» ትላለች። ሆን ብሎ የሚያጫውታት መስሏታል። ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ወደ እኔ ሲዞር እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ካልሲዎቹን ለቃቅሜ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ልጅቱ «ገና አልጨረስንም» እያለች።

ልጅቱ ከተኛች በኋላ አልጋ ላይ ሆነን «ደምሜ» አልኩት። «እ?» አለ። ጨለማ ነው፣ ፊቱ አይታየኝም፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። «ብርድ ልብሱን ሳብ አድርግልኝ» አልኩት። ሳበልኝ። አንድ ሰው ሳይተኛ እንደተኛ ሆኖ ሲተነፍስ ይታወቃል። ሁለታችንም እንደዚያ ስንተነፍስ ቆየን።

ዓርብ፣ ማርች 21

ወደ ሆቴሉ ሄደ። ነገ ማታ። ተጋጣሚው ከሊቨርፑል የመጣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ቀኝ እጁ ክፉ ነው ይላሉ። ቀኝ እጅ የሚያርፈው በግራ ዓይን በኩል ነው።

በር ላይ ሳመኝ። በቀኝ በኩል ቆሜ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 23

ትናንትን ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ብፅዓትን አስተኛሁ። ሬዲዮኑን አልከፈትኩም። ዕቃ ላጥብ አልኩ፤ የታጠበውን መልሼ አጠብኩት። እንደ ልማዴ ጀርባዬን ለሳሎኑ ሰጥቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ሳሎኑ ባዶ ነው። የሚጮህ የለም፣ ዝም የሚል የለም። ውባንቺ ማድ ቤት ሆኜ ሁሉንም ነገር አውቅ ነበር፤ ስንተኛ ዙር እንደሆነ እንኳ ከሳላቸው አውቀዋለሁ። እዚህ የቧንቧው ውኃ ብቻ ነው። ይሄኔ አርባ አንድ ቤት አርባ አንድ ቦታ ለየብቻው ተቀምጦ እያየ ነው፤ እንዲህ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ባሌ በእንግሊዝ አገር ሙሉ እየታየ፣ ምን ላይ እንዳለ የማታውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስልኩ ጮኸ። ውባንቺ ናት። ከወር በኋላ ድምጿን መስማቴ ነው።

«ጌጤ፣ በሩን እንዳትቆልፊው። እየመጣን ነው» አለችና ዘጋችው።

ያኔ አወቅሁ።

እንዳስቀመጥኩት እንደገና ጮኸ። ሌላ ሰው፣ የሚያለቅስ። እንደገና። እንደገና። ሁሉም ብቻቸውን ነው የሚደውሉት፣ ለእያንዳንዱ ደህና ነኝ ማለት አለብኝ። በኋላ ማንሳት ተውኩ፤ ስልኩ ሲጮህ ቆሜ አየዋለሁ።

ውባንቺ በቤት ጫማዋ ገባች። ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዳ አለበሰችኝ። ከኋላዋ ሌሎቹ ይገባሉ። ከየት ከየት እንደመጡ። ደረጃው እስከ ታች ድረስ ሰው ሆነ። እሷ ከልጅቱ ጋር ቀረች፣ ባዩ በመኪናው ሆስፒታል ወሰደኝ።

ባዩ ዝምተኛ ነው። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው። «እስከ አራተኛው ዙር በነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ ልጁ አወቀበት። ከግራ የሚመጣውን አያየውም፣ ጌጤ። አንዱንም አላየውም። ስድስተኛው ላይ ዳኛው አስቆመው።» መብራት ላይ ቆመን ዞር ብሎ አየኝ። «ዓይኑ ድሮም ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር» አልኩ።

ሆስፒታል ስደርስ ሚክን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አንድ ነገር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የግራ ዓይኑ የውስጥ ሽፋን ተላጧል። ብርሃንና ጥላ ይለይ ይሆናል እንጂ ከዚያ በላይ ተስፋ አታድርጉ አለን ሐኪሙ። የቦክስ ፈቃዱም ከእንግዲህ የለም። ጭንቅላቱ ግን ተመርምሮ ደህና ነው፤ ተመስገን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁስሉ አዲስ ብቻ አይደለም አለ፣ ከስሩ የወራት ቀዳዳ አለው፤ ያኔ ቢታይ ኖሮ በቀላሉ ይጠገን ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ። ቤት ውስጥ ያስተዋልሽው ነገር አልነበረም?

«አልነበረም» አልኩ።

ደምመላሽ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጣሪያውን በአንድ ዓይኑ እያየ ተኝቶ ነበር። እጄን ይዞ ነበር። አልለቀቀውም፣ አላጠበቀውምም።

የመጨረሻው ሆነ። የፈለግሁት ይሄንን አልነበር?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ከጋሽ ኃይለመለኮት ጋር ሚስተር ዶሰን ቢሮ ሄድን። ሰውየው ተነስቶ ተቀበለን፣ ስለ ደምመላሽ ከልቡ አዘነ፣ ሻይ አስመጣልን። ከዚያ ቁጥሩን ነገረን። መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ ቤት። መቶ ሃምሳው አልሞላም። ድርሻ የለም።

«ሦስት መቶ ሺህ ይገዛል ተብሎ አልነበረም?» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

ሚስተር ዶሰን እጁን ዘረጋ። ተመልካቹ አልጠፋም፤ ያየውስ ከሦስት መቶ ሺህም በላይ ነው። ግን ሰዉ አንድ ጓደኛው ቤት ይሰበሰባል፣ አሥር አሥር ሆነው፣ ፓውንድ ፓውንድ ያዋጣሉ፣ ቢራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ገና አዲስ ነገር ስለሆነ እኛም እንደዚህ ይሆናል ብለን አልገመትንም አለ።

ጋሽ ኃይለመለኮት እስክንወጣ ድረስ ታገሡ። መንገድ ላይ ቆመው፣ «እንግሊዞቹም ለካ ሐበሻ ናቸው» አሉ። ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መንገደኛው እስኪያየን ድረስ ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ። በለንደን ከተማ ያን ማታ በየቤቱ ለብቻው ተቀምጦ ያየው የእኛ ሰው ብቻ ነው።

ከሳቁ በኋላ ሌላው መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እናቴ ስትተርተው ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሺሁም ማናጀሩ፣ አሰልጣኙና ቀረጡ ተነስቶለት የቀረው ቀረ። ሚክ ግን የእሱን አልወሰደም፤ መልሶ በደምመላሽ ስም ላከው። ጂሙን ሌላ ሰው ይዞታል። ሕፃናቱን በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት የሚያሠለጥን ይፈልጋል፣ ደምመላሽን ጠይቆታል። እሺ ብሏል።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

ስቅለት። ስግደት ላይ ነበርን። ጴጥሮስ በእሳቱ ዳር ተቀምጦ አላውቀውም ያለበት ሲነበብ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ውባንቺ ተከትላኝ ወጣች። «አመመሽ?» አለችኝ። «መቆሙ ነው» አልኳት። አጠገቤ ቆመች፣ ንባቡ እስኪያልቅ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ትናንት ፋሲካ ነበር። ቤታችን ጠባብ ነው፣ ዲሽ የለው፣ የሚታይ ነገር የለው፤ ሰዉ ግን ሳይጠራ መጣ። ከአርባ አንዱ ቤት ያልመጣ ያለ አይመስለኝም። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አልጋችን ላይ ሳይቀር። ባዩ መቆሚያ አጥቶ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሆኖ በላ። ውባንቺ ማድ ቤቴን ተቆጣጥራ ከሳሎን ወዲህ እንዳላልፍ ከለከለችኝ። ማንም የቦክስ ነገር አላነሳም።

ዛሬ ከሰዓት ብፅዓት ውጭ ስትጫወት ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሻይ አፈላሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለኝ። አንድ ዓይን ብቻ ሲሆን ነገሩ ሩቅ ይሁን ቅርብ አይለይም አሉ፤ ገና እየተማረ ነው። ሊቀዳልኝ ጎንበስ አለና ቆመ።

«ጨርቁስ?» አለኝ።

«የምን ጨርቅ?»

«ሻይ ስቀዳ ጨርቅ ይዘሽ ትቀመጪ ነበር። ከኖቬምበር ጀምሮ። ገና ሳላፈስሰው ነበር የምትይዢው።»

ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ብዙ ቀን ሲያስብበት የከረመ ነገር ነው።

«ሚክ ደውሎ ጠይቆኝ ነበር» አልኩት። «ደህና ነው አልኩት። ለባዩም። ለሐኪሙም አንተ እየሰማህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም ለሚክ ደህና ነኝ ብዬዋለሁ። አንቺ ጨርቁን ስትይዢ አይቼ፣ ታውቃለች፣ አውቃ ዝም ካለች ይቻላል ማለት ነው እል ነበር። አንቺ ምን ትዪ ነበር?»

«እሱ እያወቀ ከሄደ ይቻላል ማለት ነው እል ነበር።»

አለቀስኩ፤ እሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ አልጠየቀኝም። የት እንደምንጀምረው አናውቅም።

ከዚያ መቅዳት ጀመረ። ሻዩ ከብርጭቆው ጎን መውረድ ሲጀምር ጨርቅ አላነሳሁም። ብርጭቆውን ይዤ ወደሚወርድበት አስጠጋሁለት።